ድምፁን ስትዘጉ አየሩን አትዝጉ

(ደሴ ላይ ቤት የሚሠሩ ሰዎችና የግንባታ ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት ያደረግኩት ንግግር ነው። እንደተናገርኩት ነው የጻፍኩት።)

እንደምን አረፈዳችሁ? ጤና ይስጥልኝ። አሰላሙ አለይኩም።

እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶች፣ ወንድሞች፣ በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ግንበኞች አላችሁ። አናጢዎች አላችሁ። የአርማታ ብረት የምታስሩ ፌራዮዎች አላችሁ። ቤት ልትጀምሩ ያሰባችሁም አላችሁ። ሁላችሁም እንኳን መጣችሁ።

በር ላይ ቡና ስንጠጣ አሁን ከፊት የተቀመጡት ጋሼ አንድ ነገር ነገሩኝ። «ሐሙስ የምድር ቤቴን ሶሌታ፣ የአርማታ ጣሪያውን፣ ልሞላ ነው» አሉኝ። «ታቹን ለልጆቹ ሲኒማ ላደርግላቸው ነው። ጎረቤት እንዳይረበሽ ጥርቅም አድርጌ ነው የምዘጋው» አሉኝ። እኔም «አየሩስ በየት ይገባል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ዝም አሉ። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የያዝኩትን ወረቀት ትቼዋለሁ። ዛሬ የማወራው ለእርስዎ ነው። ሌሎቻችሁ አብራችሁ ስሙ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። ድምፅ፣ አየር፣ ውሃ። ውሃውን ቶሎ አልፈዋለሁ። ድምፁና አየሩ ላይ እቆያለሁ፤ ሁለቱ የማይነጣጠሉ ናቸውና።

መጀመሪያ ግን ይህ ጉዳይ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ።

ደሴ ዳገት ናት። ከጦሳ ተራራ ሥር ጀምሮ ቤታችን ሁሉ ተዳፋት ላይ ነው። ከመንገድ በኩል ባለ አንድ ወለል የሚመስለው ቤት ከጓሮ ሲያዩት ሁለት ነው። ስለዚህ ከሥር አንድ ክፍል ይተርፋል። ድሮ ማገዶና እህል ይቀመጥበት ነበር። አሁን ልጆቻችን «ሲኒማ እናድርገው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ሁለት ሦስት ጎኑ አፈር ነው፤ አፈር ደግሞ ድምፅ ይውጣል።

ታላቅ ወንድሜ ቤት ሲሠራ ይህችኑ የታች ክፍል ለእኔ ሰጠኝ። «አንተ የድምፅ ሰው ነህ፤ እንደፈለግህ አድርጋት» አለኝ። እውነትም ለዓመታት በየሠርጉና በየበዓሉ ስፒከር ስዘረጋ ነው የኖርኩት። ዘጋኋት። ግድግዳውን ደረብኩ። በሩን አከበድኩ። ስንጥቁን ሁሉ በሲልከን ደፈንኩ። ውጭ ቆሜ ሳዳምጥ ምንም አይሰማም። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ለምረቃው ቤተሰቡ በሙሉ ወረደ። አሥራ ሁለት ነበርን። ፊልሙ ተጀመረ። ትንሽ ቆይቶ እህቴ ከሰሉን አቀጣጥላ ጀበናውን ይዛ ወረደች። ወሎ ነን። ሰው ተሰብስቦ ቡና ሳይፈላ እንዴት ይሆናል? ዕጣኑ ጨሰ። «በሩን ዝጋው፣ ብርድ ይገባል» ተባለ። እኔው ነኝ ተነስቼ የዘጋሁት።

አቦሉ ተጠጣ። ቶናው ሳይደርስ እናቴ «ራሴን» አለች። ሕፃናቱ ተኝተዋል። መሽቷልና ማንም ልብ አላለም። የወንድሜ ልጅ ውሃ ሊጠጣ ሲነሳ ጉልበቱ ከዳው። ወደቀ። ያኔ ነው የነቃሁት። በሩን በረገድነው። ሕፃናቱን አንድ በአንድ ተሸክመን ወደ ላይ አወጣናቸው። ብርዱ ላይ አስቀመጥናቸው። ከዚያም ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ፈጣሪ ይመስገን፣ ሁሉም ደህና ሆኑ።

ግን ንገሩኝ፣ ያ ልጅ ውሃ ባይጠማውስ?

የከሰል ጭስ የምንለው ዓይናችን የሚያየውን ነው። የሚገድለው የማይታየው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ሰውዬው እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል። እንዲያውም ዕጣን ሲጨምሩበት ቤቱ የተባረከ ይመስላል።

ከዚያ በኋላ ምን አደረግን? በድንጋጤ ግድግዳ በሳን። 110 ሚሊ ሜትር የሆነ የሽንት ቤት ፒቪሲ ቱቦ ገዝተን ከክፍሉ ወደ ውጭ ቀጥ አድርገን አሳለፍን። አሁን አየር አለ። በሳምንቱ ፊልም ከፈትን። በማግሥቱ ጠዋት የጎረቤታችን እቴቴ ወንድሜን በር ላይ ጠበቁት። ዕድሜያቸው ከሰባ በላይ ነው። «ልጄ፣ ሌሊት ተኩሱ በየት በኩል ነበር?» አሉት።

እህት ወንድሞቼ፣ ይህች ከተማ በ2014 ዓ.ም. የሰማችውን ድምፅ ሁላችንም እናውቃለን። ለእኛ ፊልም ነው። ከግድግዳው ወዲያ ጨለማ ውስጥ ለተኙ እናት ግን ፊልም አይደለም። እቴቴ ሌሊቱን ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ አልጋ ላይ ቁጭ ብለው ነው ያደሩት። ወንድሜ ሲነግረኝ አለቀስኩ።

በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱንም አየሁ። የዘጋሁት ክፍል ቤተሰቤን ሊነጥቀኝ ነበር። የከፈትኩት ክፍል ደግሞ እናት አላስተኛም አለ። ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩን ቁጭ ብዬ የተማርኩት።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነገር፣ ድምፅ።

ድምፅ በሁለት መንገድ ያመልጣል። አንዱ በቀዳዳ ነው። አየር ያለፈበት ሁሉ ድምፅ ያልፍበታል። ሁለተኛው በአካል ነው። ግድግዳው ራሱ ይንቀጠቀጥና በወዲያኛው በኩል ድምፅ ሆኖ ይወጣል።

ልጅ ሆናችሁ በሌሊት መንዙማ ከሩቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ግጥሙ አይሰማም። ተቀባዩ አይሰማም። ድቤው ግን ድም፣ ድም፣ ድም እያለ ይደርሳል። ለምን? ቀጭን ድምፅ በመንገድ ይደክማል፣ ግድግዳም ይመልሰዋል። ወፍራም ድምፅ ግን ግድግዳውን ራሱን ይዞ ያንቀጠቅጠዋል። እናንተ ባስ የምትሉት ይኸው ድቤ ነው። ሳብ ዉፈር የሚባለውን የባስ ስፒከር የገዛ ሰው ቤቱ ውስጥ ድቤ መቺ አስገብቷል።

አሁን ቁጥር ልስጣችሁ። የድምፅ መለኪያው ዴሲቤል ይባላል። ሰው ተራ ወሬ ሲያወራ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። ፊልም ጮክ ተደርጎ ሲከፈት ኃይለኛው ቦታ ላይ ከ100 ያልፋል። ጎረቤት እንዲተኛ ደግሞ 30 አካባቢ መሆን አለበት። ልዩነቱ 70 ነው። ይህን ሁሉ ግድግዳችሁ፣ ኮርኒሳችሁና በራችሁ ሊያስቀሩ ነው። ቀላል ሥራ አይደለም።

አሁን ይህን ስሙ። ግድግዳችሁ 50 ዴሲቤል የሚያስቀር ጠንካራ ግድግዳ ነው እንበል። ከስፋቱ ከመቶ አንድ እጁ ብቻ ክፍት ከሆነ ጠቅላላው ከ20 ዴሲቤል በላይ አያስቀርም። ከመቶ አንድ! ከዚያ በጣም ያነሰ ቀዳዳም፣ በበሩ ሥር እንዳለው ክፍተት ያለ፣ ግድግዳውን ለማዳከም በቂ ነው። ያ የ110 ቱቦ በቂ ነበር። ግድግዳ ላይ ያወጣነው ገንዘብ በአንድ ቱቦ ፈሰሰ።

ግንበኞች፣ ይህ የእናንተ ጉዳይ ነው። ብሎኬት ስትደረድሩ የአግድሙን መገጣጠሚያ ሞርታር ትሞላላችሁ፣ የቁሙን ግን አንዳንዴ ትዘሉታላችሁ። «ልስን ይሸፍነዋል» ትላላችሁ። ለመኖሪያ ክፍል ይሁን። ለዚህ ክፍል አይሆንም። የቁሙም ይሞላ። ብሎኬት ራሱ ቀዳዳው ብዙ ነው፣ ይተነፍሳል። በሁለቱም በኩል ይለሰን። ከኮርኒስ በላይ ያለው የማይታየው ክፍልም ይለሰን፣ እስከ ሶሌታው ድረስ። አቅም ያለው ሰው የብሎኬቱን ጉድጓድ በደረቅ አሸዋ እየሞላ ይውጣ። ክብደት ለድምፅ ትልቅ መድኃኒት ነው።

ግን ክብደት ብቻውን አይበቃም። የግድግዳውን ክብደት እጥፍ ብታደርጉት የምታተርፉት 6 ዴሲቤል ገደማ ነው። ጆሮ «ድምፁ በግማሽ ቀነሰ» የሚለው ግን 10 ሲቀንስ ነው። እጥፍ ሲሚንቶ አፍስሳችሁ ግማሹን እንኳ አላገኛችሁም። ታዲያ ምን ይሻላል?

መለያየት ነው። ቤት በቤት ውስጥ።

የውጩ ግድግዳ አለ። ከእሱ አምስት ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ ብላችሁ ሌላ ቀጭን የብረት ወይም የእንጨት ፍሬም አቁሙ። አይነካውም። አንድ ሚስማር እንኳ አያገናኛቸውም። ከፍሬሙ ሥር የጎማ ንጣፍ ይግባ። መሃሉ ላይ የድንጋይ ሱፍ ወይም ፋይበር ግላስ ይሞላ። ፊቱ ላይ ሁለት ድርብ ጂፕሰም ቦርድ ይመታ፣ መገጣጠሚያው ፊትና ኋላ እየተዛነፈ። የ12 ሚሊ ሜትሩ ቦርድ በካሬ ሜትር ከ9 እስከ 10 ኪሎ ነው፤ ድርቡ 20 ኪሎ ይጠጋል። ኮርኒሱ ከሶሌታው ላይ አይንጠልጠል፤ በእነዚህ የውስጥ ግድግዳዎች ላይ ይረፍ። ወርዱ ሰፍቶ መንጠልጠሉ የግድ ከሆነ ጎማ ባለው ማንጠልጠያ ይሁን። በዚህ መንገድ የሚንቀጠቀጠው የውስጡ ሣጥን ነው። የውጩ ቤት አይሰማውም።

አናጢዎች ሥራ ሲበዛባቸው «ትንሽ ላጠናክረው» ብለው በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል አንድ እንጨት ያስገባሉ። አውቃለሁ፣ ልፋታችሁ ለጥንካሬ ነው። ግን ያቺ አንዲት እንጨት ድልድይ ናት። ድምፁ በእሷ ተሻግሮ ይወጣል። እባካችሁ፣ እለምናችኋለሁ፣ አታስገቡ።

የኤሌክትሪክ ሶኬትም ቀዳዳ ነው። ከዚህም ከወዲያኛው ክፍልም አንድ ቦታ ላይ ጀርባ ለጀርባ አታድርጓቸው። ስፖት መብራት ለውበት ተብሎ ኮርኒሱን ሃያ ቦታ ይበሳዋል። ሃያ ቀዳዳ ማለት ነው። መብራቱን ግድግዳ ላይ ስቀሉት።

በሩ ሙሉ እንጨት ይሁን፤ ውስጡ ባዶ የሆነው በር በር አይደለም። ዙሪያውን ጎማ ይዙረው፣ ደፍ ይኑረው። ቦታ ያለው ሰው ሁለት በር ያድርግ፣ በመካከላቸው አንድ እርምጃ ያህል ቦታ ትቶ። ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን። ሰው ደንግጦ ሲገፋው የሚከፈት በር ነው ነፍስ የሚያድነው።

አሁን ስለ እንቁላል ካርቶን ላንሳ። ይህን ጥያቄ በየሄድኩበት እጠየቃለሁ። የእንቁላል መደርደሪያ ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ድምፅ አይከለክልም። አይከለክልም። ክብደት የለውም፣ ምን ይይዛል? ስፖንጅም እንዲሁ። ስፖንጅ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ይቀንሳል፤ ድምፁ ጠርቶ እንዲሰማ ያደርጋል። ወደ ጎረቤት የሚሄደውን አያስቀርም።

የፍራሽ ስፖንጅ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነገር አለው። በየካቲት 2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሮድ አይላንድ ውስጥ አንድ የሙዚቃ ክበብ ግድግዳው ላይ ለድምፅ ተብሎ የተለጠፈው ስፖንጅ በርችት ተያያዘ። 100 ሰው ሞተ። በጥር 2013 እ.ኤ.አ. ብራዚል ሳንታ ማሪያ ከተማ ውስጥ ይኸው ተደገመ። 242 ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ ወጣቶች። ብዙዎቹን የጨረሳቸው መርዛማው ጭስ ነበር። ምድር ቤት ውስጥ፣ አንድ በር ብቻ ባለበት፣ መብራት በሚጠፋበትና ሻማ በሚለኮስበት አገር፣ የፍራሽ ስፖንጅ ግድግዳ ላይ አትለጥፉ። ወፍራም መጋረጃ ስቀሉ። ምንጣፍ አንጥፉ። ከተቻለም ድንጋይ ሱፍ በጨርቅ ሸፍኑና ስቀሉ፤ ሱፉ እሳት አይበላውም።

ሁለተኛው ነገር፣ አየር።

ልጅ ሳለሁ ፊልም የማየው ቪዲዮ ቤት ገብቼ ነበር። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቀላል። አግዳሚው ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ስወጣ ሁልጊዜ ራሴን ያመኝ ነበር። እናቴ «ያ ቴሌቪዥን ነው የሚያሳምምህ» ትለኝ ነበር። ቴሌቪዥኑ አልነበረም። አየሩ ነበር።

እስቲ አብረን እናስላ። 6 በ4 የሆነ ክፍል፣ ከፍታው 2 ሜትር ከ80። 67 ሜትር ኩብ ነው። አሥር ሰው ተቀመጠ። አንድ ሰው ተቀምጦ ሲተነፍስ በሰዓት 18 ሊትር ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። አሥሩ በሁለት ሰዓት ፊልም 360 ሊትር ያወጣሉ። ውጭ ያለው አየር ውስጥ ይህ ጋዝ ከሚሊዮን እጅ 420 ያህል ነው። በተዘጋው ክፍል ውስጥ ግን ፊልሙ ሲያልቅ ከ5,700 ያልፋል። ከ13 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ይህ ከሰል ሳይነድ ነው። ሰው ያዛጋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ይተኛል። «ፊልሙ አሰልቺ ነበር» ብሎ ይወጣል።

ሙቀቱም አለ። የተቀመጠ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። አሥር ሰው አንድ ኪሎ ዋት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ገደማ ይጠጣል ብትሉ፣ የምጣድ ሲሶ ክፍሉ መሃል ሲነድ አመሸ ማለት ነው። ፕሮጀክተሩና አምፕሊፋየሩ ይጨመሩበት። ደሴ ብርድ ናት ብላችሁ አትዘናጉ። ብርዱ ውጭ ነው።

ታዲያ ምን ያህል አየር ይበቃል? ለአንድ ሰው በሰከንድ 8 ሊትር ብላችሁ ያዙ። ለአሥር ሰው 80 ሊትር። አሁን ይህን በየት እናሳልፈው? በ110 ቱቦ ብታሳልፉት አየሩ በሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይሮጣል። ያፏጫል። ፊልሙ ጸጥ ሲል የምትሰሙት ፉጨቱን ነው። ያኔ ሰው ተነስቶ ፋኑን ያጠፋዋል። እንግዲህ ቱቦው ኖረም አልኖረም አንድ ሆነ።

ሰፊ መንገድና ዝግ ያለ አየር ነው የሚያስፈልገው። በሰከንድ 2 ሜትር ብቻ ይሂድ። ለዚህ ውስጡ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ መተላለፊያ ይበቃል። አንድ ለመግቢያ፣ አንድ ለመውጫ።

«ይህን የሚያክል ቀዳዳ ከከፈትን ድምፁስ?» ትሉኛላችሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሙያው ያለው እዚህ ላይ ነው።

አየር ይታጠፋል። ድምፅ በተለሳለሰ መታጠፊያ ላይ ይደክማል። ስለዚህ ከ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ፣ ከተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ፣ አንድ ትልቅ ሣጥን ሥሩ። ርዝመቱ አንድ ሜትር ከምናምን ይሁን። ውስጡን በሙሉ በፋይበር ግላስ ለብጡት፣ ብናኙ እንዳይወጣ በጨርቅ ሸፍኑት። መሃሉ ላይ ሁለት ሦስት ግርዶሽ አቁሙ፣ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ። አየሩ እንደ ደላንታ መንገድ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ድምፁ በየጥምዝምዙ ሱፉ ውስጥ ይቀራል። በየትኛውም ቦታ ላይ መተላለፊያው ከ20 በ20 እንዳይጠብ ብቻ ተጠንቀቁ። እንዲህ ያለ ሣጥን ሁለት ያስፈልጋል።

ንጹሑን አየር ከየት እናምጣው? ኮምቦልቻ የምትሠሩ ከውጭ በቀጥታ አስገቡት። ደሴ ላይ ግን ሌሊት ከውጭ የሚገባው አየር በረዶ ነው፤ ሰው ይደፍነዋል። ደፍኖት አይቻለሁ፣ በአሮጌ ጋቢ። ስለዚህ ከላይ ከሳሎን ወይም ከኮሪደር ሳቡት፣ ለዘብ ያለ ነው። የተቃጠለውን ወደ ውጭ አውጡት። ወጥ ቤት አጠገብ ግን መግቢያ አታድርጉ፤ እዚያ ከሰል ይነዳል። ሳሎን ቡና በሚፈላበት ቀንም ከሰሉ ከመግቢያው ይራቅ፣ የሳሎኑ መስኮት ይከፈት። መግቢያው ከወለሉ ጠጋ ይበል፣ መውጫው ከኋላ ከፍ ብሎ ከፕሮጀክተሩ በላይ ይሁን። ሙቅ አየር ወደ ላይ ነውና የሚሄደው።

ፋኑን ክፍሉ ውስጥ አታስቀምጡት። ከመውጫው ሣጥን ወዲያ፣ ወደ ውጭው ጫፍ ይሂድ። በጎማ ይንጠልጠል። ከቱቦው ጋር በሸራ ይገናኝ፣ ንዝረቱ እንዳይተላለፍ። ትልቅ ፋን ቀስ ብሎ ሲዞር ከትንሽ ፋን ፈጥኖ ከሚዞር ይሻላል።

እዚህ ላይ የእኛ አገር የተለየ ነገር አለው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻም ከ1,800 ሜትር በላይ ነው። አየራችን ደሴ ላይ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል። ለዚህ ነው ብዙ ፕሮጀክተር ውስጥ ለከፍታ ቦታ የሚሆን ምርጫ የተቀመጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,500 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ። ሳታበሩት ብትጠቀሙ ዕቃው ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። ስታበሩት ደግሞ የራሱ ፋን ይጮሃል። ደሴ ላይ ፕሮጀክተር የሚያንሾካሹክ ሳይሆን የሚናገር ዕቃ ነው። ስለዚህ ከኋላ በመስታወት የተከለለ ትንሽ ቤት ሥሩለት፤ የመውጫው አየርም በእሱ በኩል እንዲያልፍ አድርጉ። ሙቀቱንም ጩኸቱንም በአንድ መንገድ ትገላገላላችሁ።

መብራት ሲጠፋ ፋኑም ይቆማል። ይህን አትርሱ። ፊልሙን በባትሪ የምትቀጥሉ ከሆነ በሩን ክፈቱ። ጄኔሬተር ምድር ቤት ውስጥ፣ ወይም ከአየር መግቢያችሁ አጠገብ፣ መቼም አይቁም። ጭሱ ከከሰሉ ጋር አንድ ነው።

ከሰልም አይወርድም። እናቶች፣ እህቶች፣ ይህን እጄን ዘርግቼ ነው የምለምናችሁ። ቡናው ከላይ ይፈላ። በፔርሙስ ይውረድ። አቦሉም ቶናውም በረካውም እዚያው ከላይ ይጠጣ፣ ፊልሙ ይቆይ። ዛሬ እናቴ «ፊልሙ ቡናውን ይጠብቃል» ትላለች። በቤታችን ሕግ ሆኗል። ሁለት መቶ ሰው የሚያስተናግድ ፋን ቢኖራችሁም ከሰል አይወርድም። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሽቶ አታስመጡ፣ እሷን አስመጡ።

ሦስተኛው ነገር፣ ውሃ። ቶሎ እላለሁ ብያለሁ።

ላሊበላን ያላየ እዚህ ያለ አይመስለኝም። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለው ወደ ታች ነው የወረዱት። ከመሬት በታች የሠራ ሰው የመጀመሪያ ጠላቱ ዝናብ ነው። የጥንቶቹ ባለሙያዎች ይህን አውቀው ነው ዙሪያውን ቦይ ፈልፍለው ውሃውን መውጫ የሰጡት። የእኛ ምድር ቤት ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግድግዳው ያልባል። ከድጋፍ ግንቡ ጀርባ ጠጠርና የተበሳ ቱቦ ሳይቀበር አፈር አትመልሱ። ግድግዳው በውጭ በኩል ውሃ መከላከያ ይቀባ። ከተቻለ ሱፍና ጂፕሰም ከመግባቱ በፊት ክፍሉን አንድ ክረምት አሳልፉት። የረጠበ ሱፍ ይሻግታል፣ ሻጋታው በአየር መንገዳችሁ ወደ ልጆቻችሁ ሳንባ ይሄዳል።

ሥራው ሲያልቅ እንዴት እንፈትነው? በዓይን ነው። ማታ ላይ ውስጡ ኃይለኛ መብራት አብሩ፣ ውጩን አጨልሙ፣ ዙሩ። ብርሃን ባያችሁበት ሁሉ ድምፅ ይወጣል። ለአየሩ ደግሞ ክብሪት ለኩሳችሁ እፍ በሉትና ጭሱን መግቢያው ላይ ያዙት። ወደ ውስጥ ከተሳበ አየራችሁ ይሠራል። በሩን ዘግታችሁ ድገሙት። ደግሞም አንድ ሰው ጎረቤት ልካችሁ አስቀምጡ። እኛ አሁን እንደዚያ ነው የምናደርገው። የወንድሜን የታች ክፍል አፍርሰን ከሠራን በኋላ እቴቴ ቤት ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ወንድሜ ከታች ከፈተው። እቴቴ «መቼ ነው የምትጀምሩት?» አሉኝ። ከጀመርን ሃያ ደቂቃ አልፎ ነበር። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸውም ይወርዳሉ። ተኩስ ያለበት ፊልም ግን አንከፍትም። የአምባሰልና የባቲ ዜማ ነው የሚወዱት። ሁለቱም ስማቸው የእኛው አገር ስም ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ማሲንቆ ሲመታ የጣቱን መንሸራተት ሳይቀር ትሰማላችሁ።

እንግዲህ ጋሼ፣ ወደ እርስዎ ልመለስ።

ሐሙስ አርማታ ሊሞሉ ነው። አርማታ ከደረቀ በኋላ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ መብሳት ፌሮውን፣ ውስጡ ያለውን ብረት፣ መቁረጥ ነው። ፌሮ መቁረጥ ደግሞ ቤቱን መጉዳት ነው። ከመሞላቱ በፊት ግን ከጣውላ የተሠራ ባዶ ሣጥን አርማታው በሚፈስበት ፎርም ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ለምን 30? ውስጡ 20 ነው፣ የሱፉና የሣጥኑ ውፍረት ዙሪያውን ሲጨመር 30 ይጠጋል። አንዱ ሶሌታው ላይ፣ በተሸካሚ ሪቦቹ መሃል፣ ከኮሪደሩ ሥር። ሌላው የኋላው ግድግዳ ላይ፣ በጓሮ በኩል፣ አፈር በማይነካው ቦታ። ተሸካሚውን ቢም አንነካም። መሐንዲስዎ ቦታውን አይቶ ይፍቀድ፤ ያለ እሱ ፈቃድ አንዲት ፌሮ አትነካም።

ፌራዮውን ረቡዕ እንዳያሰናብቱት። ከሰዓት በኋላ ሜትሬን ይዤ እመጣለሁ፣ ሣጥኖቹንም አሠርቼ አመጣለሁ። ቡናውን እርስዎ ያፍሉ። ከላይ።